ማታ ምን እንብላ?

ከአባሎቻችን አንዷ ቤይሩት ውስጥ በእሑድ ስብሰባችን ላይ የተናገረችው ነው። እሑድ እንኳ ከቤት መውጣት ለማትችሉ እህቶቻችን እንዲደርሳችሁ፣ አነጋገሯን ብዙም ሳንነካ ጽፈነዋል።

ከኋላ ያላችሁ እስቲ ቀረብ በሉ፤ የጎረቤቱ ጀነሬተር እየጮኸ ነው፣ የኔ ድምፅ ደግሞ ሩቅ አይሄድም።

ባለፈው ስለ ኢቃማ ተነጋገርን፣ ከዚያ በፊት ስለ ደሞዝ። ዛሬ ስለ ራት ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። «ደግሞ ወጥ ሊያስተምሩን ነው እንዴ?» ብላችሁ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ወጥ መሥራት የማትችል የለችም። ታቡሌውንም፣ ኪቤውንም፣ የወይን ቅጠል ጥቅልሉንም ከማዳሞቻችን አሳምረን እንሠራለን። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ቤተሰብ ስናበስል እንውላለን፤ ማታ ወደ ክፍላችን ስንገባ ምን እንበላለን? ሻይ በኹብዝ። ሰኞም ሻይ በኹብዝ፣ ሐሙስም ሻይ በኹብዝ። አንዳንዷ እሱንም ሳትበላ ጫማዋን አውልቃ ትተኛለች።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟን አልናገርም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ከምትሠራበት ቤት ወጥታ እኔ ጋ ጥቂት ቀን አርፋ ነበር። በዚያ ቤት የምትበላው ቤተሰቡ በልቶ ከተነሳ በኋላ የተረፈውን ነው፤ ያውም ከተረፈ። የመጣች ዕለት ማታ «ምን ልሥራልሽ? ምን ትወጃለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። አፍራ ነው ብዬ ደገምኩላት። «እኔ እንጃ፣ ምን እንደምወድ ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ዕድሜዋ 23 ነው። የሚወዱትን መርሳት በሽታ ባይባልም እኔን ግን ከበሽታ በላይ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ጥያቄውን ቀየርኩና «እናትሽ ማክሰኞ ማታ ምን ትሠራላችሁ ነበር?» አልኳት። የበዓሉን አልጠየቅኋትም። ስለ አገር ምግብ ሲነሳ ሁላችንም ዶሮ ወጥ እንላለን። ዶሮ ወጥ ግን በዓመት ስንት ጊዜ በላን? ያሳደገን የማክሰኞው ነው። ልጅቱም ትንሽ ቆየችና «ድንች ቀቅላ፣ በዘይትና በበርበሬ አሽታ፣ በትኩስ ቂጣ ትሰጠን ነበር። ቃሪያ ይበዛበታል» አለች። ድንች ደግሞ እዚህ አገር መቼ ጠፋ! የበቃ ሸለቆ ድንች በየሱቁ ደጃፍ በጆንያ ቆሟል። ያን ማታ እሱን ሠራን። ቂጣውን እሷ ራሷ ጋገረች፤ «እኔ ልጋግር፣ አንቺ ታሳርሪዋለሽ» ብላ ከእጄ ቀማችኝ። ደስ አለኝ።

እስቲ እናንተም በልባችሁ መልሱ። ማክሰኞ ማታ፣ እንግዳ የለ፣ በዓል የለ፣ ቤታችሁ ምን ነበር የሚበላው?

እኔን ወሎ፣ ደሴ አጠገብ ነው እናቴ ያሳደገችን። እኛ ቤት ንፍሮ ነበር፤ ስንዴና ሽምብራ፣ አንዳንዴ ባቄላ። ድስቱ እሳት ዳር ሆኖ ሲንተከተክ ነው ቤቱ የሚሞቀው። እዚህ አገር መጥቼ ብዙ ዓመት ንፍሮ አልበላሁም፤ የሌለ መስሎኝ ነው። አንድ ዓመት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ግን ማዳም ለቅድስት በርባራ በዓል ስንዴ ቀቅዪ አለችኝ። እነሱ የተቀቀለውን ስንዴ በስኳርና በለውዝ፣ በዘቢብ ነው የሚበሉት። ድስቱን ስከፍተው ሽታው የእናቴ ቤት ሽታ ሆነብኝ። እነሱ በስኳር፣ እኛ በጨው፣ ስንዴው ግን ያው ስንዴ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ «ቀምሕ» በሉ፣ ይሰጧችኋል። ደረቅ ሁሙስ ጨምሩበት፣ ማታ ዘፍዝፋችሁ እደሩ፣ በማግስቱ ሥራ ስትገቡ ውኃውን ቀይሩ፣ ማታ ቀቅሉት። ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ። ሁለት ሰው ለሁለት ቀን ያጠግባል።

አሁን ስለ ሻይ በኹብዝ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው፣ ሐኪም አይደለሁምና። ከመካከላችን ደም ማነስ ያለባት ብዙ ናት። ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታ፣ ጎንበስ ብላ ስትነሳ ዓይኗ የሚጨልምባት፤ እጅ አውጡ አልላችሁም። ኹብዝ ሆድ ይሞላል እንጂ ደም አይተካም፤ ሻዩ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ያግዳል። ስለዚህ ሻዩን ከራት አንድ ሰዓት ያህል አርቁት። ምስር ስትበሉ ሎሚ ጭመቁበት፤ ሎሚ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል። አዚፋ ታስታውሳላችሁ አይደል? ድፍን ምስር ቀቅሎ መፍጨት፣ ሰናፍጭ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። የሰናፍጩ ማሰሮ በየሱቁ አለ፣ ሎሚ በየዛፉ አለ። እናቶቻችን ስለ ብረት ሳይማሩ ሎሚውን ጨምቀውበታል። ደም ማነሱ የከበደባት ግን ምስር ብቻ አይበቃትም፣ ትመርመር። የምትመረመርበትን ቦታ ለማኅበሩ ጠይቁ።

ወደ ሽሮ እንምጣ፤ ዛሬ በብዛት የተጠየቅሁት እሱን ነው።

ከአገር ሽሮ የሚላክላት ታድላለች። የማይላክላት እዚሁ ትሥራ። የሽምብራ ዱቄት ቅመም ቤት ሁሉ አለ። ችግሩ ጥሬ ነው። ብዙዎች ገዝተው እንዳለ ድስት ውስጥ ይጨምሩታል፣ ከዚያ «የዚህ አገር ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል» ይላሉ። እናቶቻችን እኮ እህሉን ቆልተው ነው የሚያስፈጩት! ስለዚህ ዱቄቱን በደረቅ መጥበሻ፣ በትንሽ እሳት፣ እጃችሁ ሳያርፍ አምሱት። 15 ደቂቃም 20 ደቂቃም ይፈጃል። መልኩ ወደ ቡናማ ጠጋ ሲልና ቤቱ ቆሎ ቆሎ ሲሸት አውርዱት። ስልክ እያያችሁ አታምሱ፤ አንዴ ካረረ ምሬቱ አይወጣም። ከቀዘቀዘ በኋላ ለአንድ ኪሎ አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል በርበሬ፣ ጨው፣ ደረቅ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ አዋህዱበት። ጥቁር አዝሙድን ዐረቦቹ «ሐበት አልበረከ» ይሉታል። አብሽ ደግሞ «ሔልበ» ነው። ለኮረሪማ ሄል የሚጨምሩ አሉ። እኔ ሄል ኮረሪማን አይተካም ባይ ነኝ፤ ሄል ስጨምርበት ሽሮው ቡና ቡና ይለኛል። የሚያስማማት ትጨምር፣ ምላሷ የራሷ ነው።

ማሰሮ ውስጥ ከድናችሁ ብታስቀምጡት ወር ይቆያል፤ መብራት ቢጠፋ ፍሪጅ አይፈልግም። ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። ማታ ስትገቡ ሽንኩርት ቁሌት፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውኃ፣ ሦስት ማንኪያ ሽሮ፣ ቃሪያ። ልብሳችሁን ቀይራችሁ፣ እግራችሁን ታጥባችሁ እስክትመለሱ ደርሷል።

የኔ እናት ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። አልቀበርኳትም፤ እዚህ ሆኜ በስልክ ነው ያለቀስኩት። ሽሮዋ ውስጥ የነበረ አንድ ጣዕም ግን ምን እንደሆነ አጥቼው ኖርኩ። አንድ ቀን አክስቴን በስልክ ጠየቅኋት። «እቱ፣ እሷ እኮ ከሽምብራው ጋር ጥቂት ጓያ ሳይሆን አተር ነበር የምትቀላቅለው፣ አተሩንም ለብቻው ነው የምትቆላው» አለችኝ። አተር! እዚህ አገር ክክ አተር በኪሎ ይሸጣል። ስለዚህ አደራ፣ እናት ያላችሁ ጠይቁ። እኛ ስንደውል የምናወራው ስለሚላክ ብር፣ ስለ ወንድም ትምህርት ቤት፣ ስለ ጣራ ቆርቆሮ ነው። አንድ ቀን «እማዬ፣ ያንን ነገር እንዴት ነበር የምትሠሪው?» በሏት። እናንተን ልታስተምር ስትል የሚሰማትን ደስታ ታዩታላችሁ። ስለ ብር ሳታነሱ ሃያ ደቂቃ ታወራላችሁ።

ኹብዙስ? ኹብዝ ጠላት አይደለም፣ ፍርፍር ይሆናል። የደረቀውን አትጣሉት። ሽንኩርትና ቲማቲም በበርበሬ በደንብ አብስሉ፣ መረቁ ቀጠን ይበል። ኹብዙን በእሳት ላይ ጠበስ አድርጋችሁ ቁረሱት፣ እሳቱን አጥፉና ጨምሩበት፣ አንዴ ሁለቴ ገልብጡና ተዉት። የሊባኖስ ኹብዝ ስስ ነው፤ እንደ እንጀራ ካገላበጣችሁት ይላቁጣል። ከላይ ቃሪያ፣ ላልጾመች ትንሽ ላብኔ። ላብኔው አይብ ባይሆንም የአይብን ቦታ ይይዛል። ቡርጉል ደግሞ ትልቁን ዓይነት ግዙ፣ ቅንጬ ነው። አንድ ብርጭቆ ቡርጉል በሁለት ብርጭቆ ውኃ፣ አንዴ ፈላ ሲል ከድኖ በብርድ ልብስ መጠቅለል፤ ጋዝ ሳይፈጅ ራሱ ይበስላል። አብሮኝ የሚኖር የአርሲ ልጅ አለች፣ በሳምና ቅቤ አሽታ ስትበላው ዓይኗን ጨፍና ነው። ለጎመን «ሲልቅ» የሚሉትን ቅጠል ውሰዱ፤ ውኃ አትጨምሩበት፣ የራሱ ውኃ ይበቃዋል፣ ነጭ ሽንኩርቱን አብዙት።

እንጀራን እንዳልረሳሁ ታውቃላችሁ። ጤፍ ውድ ነው፣ ሲመጣም በሰው ሻንጣ ነው። እኔ የምጋግረው ሦስት እጅ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ እጅ የሩዝ ዱቄት፣ አንድ እጅ የበቆሎ ዱቄት አድርጌ ነው። ቁንጥር እርሾ፣ ሁለት ቀን ማቆየት፣ ከዚያ አብሲቱን ጥዶ መመለስ። አብሲቱን አትዝለሉት፣ ዓይን የሚያወጣለት እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለገዛችሁ ግን አዝናለሁ። የጀነሬተሩ መስመራችን የብዙዎቻችን 5 አምፔር ነው፤ ምጣዱ ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ስትሰኩት ቆጣሪው ጠብ ይላል፣ ሕንፃው ሁሉ ይጮህባችኋል። በማይዝ መጥበሻ በጋዝ ጋግሩ። ትንሽ ትሆናለች፣ ግን እንጀራ ናት።

አሁን የምናገረው በሰው ቤት ለምታድሩት ነው፤ ጽሑፉ ለሚደርሳችሁም።

የራሳችሁን ምግብ ማብሰል የሚከለከልባችሁ አላችሁ፤ «ሽታው» ይሏችኋል። በርበሬ ማቁላላቱ ከሆነ የሚያስቆጣቸው፣ ሽታ የማያወጣውን ምረጡ፤ አዚፋ፣ ንፍሮ፣ ቅንጬ፣ ድንች። ቅዳሜ ጠዋት ማዳም ደስ ብሏት ባየሽ ሰዓት «ፊዬ ኡጥቡኽ ለኢሊ?» በያት፤ ለራሴ ማብሰል እችላለሁ ወይ ማለት ነው። እምቢ ብትል እንኳ ከጠየቅሽ ወዲህ ምን እንደምትበዪ ማየት የምትጀምር አለች። ወጥ ቤቱ ጨርሶ ለተዘጋባት ደግሞ በሶ አለላት። ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሲኖር በሶ አስልኩ። እሳት አይፈልግም፣ አይሸትም፣ አልጋ ሥር ይቀመጣል። በቀዝቃዛ ውኃና በስኳር ቢበጠበጥም፣ በዘይት፣ በጨውና በሚጥሚጣ ቢጨበጥም ራት ነው። ገበሬ አርሶበት ውሏል፣ ወታደር ተጉዞበታል።

መብት እንዳላችሁ ግን እወቁ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የ1946 ነው፤ አንቀጽ 7 ላይ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ አውጥቷል። ቢሆንም በ2009 የወጣው ለሁላችንም አንድ ዓይነት የሆነው የሥራ ውል አለ፤ በዚያ ላይ አሠሪው ምግብ፣ ልብስና ማደሪያ እንዲያሟላ ግዴታ ተጽፏል። ብዙዎቻችን የፈረምነው በማናነበው ዐረብኛ ስለሆነ አናውቀውም። የምግብ እየተባለ ከደሞዝሽ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ወይም ሆን ተብሎ ራብ ላይ ከተተውሽ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ፎቶ ማንሳት ከቻልሽ አንሺ፣ ለማኅበሩ ድምፅ ላኪ። ከቤቱ ውጪ አንድ ሰው ይወቀው። «ይሄ ትንሽ ነገር ነው» ብላ የምትተወው አለች። ራብ ትንሽ ነገር አይደለም።

በክፍል ለምትኖሩት የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። እኛ አራት ሆነን የራት እቁብ ከጀመርን ቆይተናል። አራታችንም የምንሠራው በሰዓት ነው፣ አንዷ በስድስት፣ አንዷ በአንድ ሰዓት፣ አንዷ ሌሊት ነው የምትገባው። ብቻዋን ሆና ለአንድ ሰው ሽንኩርት የምትከትፍ ማን አለች? ድካሙ ይበልጣል። አሁን ግን ሰኞ አንዷ ለአራት ትሠራለች፣ ማክሰኞ ሌላዋ፤ እንዲህ እያልን። ሕጋችን ጥቂት ነው። ያበሰለችው ዕቃ አታጥብም። ሌሊት ለምትገባው ድርሻዋ ተከድኖ ይቆያታል፤ «አልመጣችም» ተብሎ አይበላባትም። በዚህ አንድ ጊዜ ተጣልተናል፣ አሁን ታርቀናል። የታመመች ወይም ሥራ የፈታች ገንዘብ አታወጣም፣ ተራዋንም አታበስልም፣ ግን ትበላለች። ሁሉም በተራዋ የእናቷን ቤት ምግብ ታበስላለች። የአርሲዋ ቅንጬ፣ የኔ ንፍሮ፣ የጎንደሯ ሽሮ። አራተኛዋ ወላይታ ናት፤ ቆጮ ከየት ይምጣላት? እሷ ግን ዳጣውን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ እየፈጨች ታመጣዋለች፣ በምንም ነገር ላይ ቢደረግ የወላይታ ራት ይሆናል።

ጾሙን ያነሳችሁ ነበራችሁ። እኛ ውስጥ ሁለት ክርስቲያን ሁለት እስላም ነን። ረቡዕና ዓርብ የጾም ወጥ ስለሆነ ሁላችንም አንድ ድስት እንበላለን። ረመዳን ሲገባ ክርስቲያኖቹ ሹርባውን ጥደው ይጠብቁናል፤ በሁዳዴ ደግሞ እኛ ቅቤ ከድስቱ እናርቃለን። በአንድ ድስት መብላት ካልሆነ ጋዙም አይበቃም።

በ2024 መጸው ጦርነቱ ሲበረታ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከደቡብና ከዳሂዬ የሸሹ እህቶች፣ አሠሪዎቻቸው በር ዘግተውባቸው የሄዱትም ሳይቀሩ መንገድ ላይ ነበሩ። መጠለያ ሄደው «ለእናንተ አይደለም» የተባሉም ነበሩ። እኛ ያን ጊዜ ምስር በሩዝ ነበር የምናበስለው፤ የአገሩ ሰው ሙጀደራ የሚለው ነው። ሽንኩርቱን እስኪጠቁር አቁላልተን በርበሬ ነሰነስንበት። ሁሉም በላው፤ የሴራሊዮኗም፣ የባንግላዴሿም። አንዲት የስሪላንካ ሴት በልታ ስትጨርስ «ነገ እኔ ልሥራው» አለችና በማግስቱ ቀይ ምስሩን በኮኮናት ወተት ሠራችው። ፓሪፑ ይሉታል እነሱ። የኔ ራት አሁን እሱም አለበት፤ ከእናቴ ያልወረስኩት ግን የወደድኩት። የግድ ሁሉም ከልጅነት መምጣት የለበትም። እዚህ አገር ላይ የወደዳችሁት ካለ እሱም የእናንተ ነው፤ ማናኢሽ በዛዕተር የማትወድ ደግሞ እስቲ ትነሳና እንያት።

እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ እዚሁ አብረን እንበላለን። እያንዳንዳችሁ የማክሰኞ ምግባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ለሦስት ሰው የሚበቃ ይሁን፣ ድግስ አይደለም። ሥራ የሌላችሁ ባዶ እጃችሁን ኑ፣ የሚከተፍ ሽንኩርት አይጠፋም። ከቤት የማትወጡ እህቶቻችን ምን እንደናፈቃችሁ በድምፅ ላኩልን፤ ከተቻለ አንዳችን ሠርታ በር ላይ የምታደርስበትን መንገድ እንፈልጋለን። ትልቁ ድስት ማኅበሩ ጋ አለ፣ ክዳኑ ግን ጠፍቷል። የሚሆን ክዳን ያላት ይዛ ትምጣ፤ ስሙን በማርከር ጻፉበት፣ ያለፈው የሄደው እንደዚያ ነው።